የሳዶቅ ተራ

«ተቀበለኝ እንጂ፤ እጄ ዛለ» አሉ ወይዘሮ እህተማርያም፣ በነጠላ የተጠቀለለውን ጽዋ ወደ ሳዶቅ እንደዘረጉ።

ሳዶቅ ከወንበሩ ተነሣ እንጂ እጁን አልዘረጋም። የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኞች ለንደን፣ ሆሎዌይ በሚገኘው የሴትዮዋ ሳሎን በልተው ጠጥተው ጨርሰዋል። ጽዋውን ወደ ቤቱ የሚወስድ ሰው በሚመጣው ወር ማኅበሩን ይደግሳል፤ ተረኛው ደግሞ እሱ ነው።

እስካሁን ቀኑ ደስ የሚል ነበር። ጠዋት ከሚኖርባት ጀልባ ወርዶ ቅዳሴ ሄደ፤ ከዚያ ሆሎዌይ መንገድ ላይ ባለ የልብስ ማጠቢያ ቤት ልብሱን በማሽን አጠበ፤ ማሽኑ እስኪጨርስ ሻይ እየጠጣ አላፊ አግዳሚውን ሲያይ ቆየ። ከሚሠራበት የፓርክ ሮያል መጋዘንም ማንም ለሥራ ና ብሎ አልደወለለትም።

ጀልባ ውስጥ እንደሚኖር ግን ከማኅበርተኞቹ አንድም ሰው አያውቅም። አሮጌዋን ጀልባ የገዛት የክፍል ኪራይ ሲያቅተው ነው። ቋሚ ማቆሚያ ስለሌላት በየሁለት ሳምንቱ ካናል በሚሉት ሰው ሠራሽ የውሃ ቦይ ላይ ወደ ሌላ ቦታ ሊያንቀሳቅሳት ይገባል።

«አምና ተራው ሲደርስ ቤት እየቀየርኩ ነው አለን» አሉ የማኅበሩ ሽማግሌ አቶ መኩሪያ፣ አፋቸውን እየጠረጉ። «ካቻምናም ቤት እየቀየርኩ ነው አለን። ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮም እየቀየርኩ ነው ጋሼ።»

ሳሎኑ በሳቅ ተሞላ። ሳዶቅ አልሳቀም። ዛሬም ጽዋውን ካሳለፈ እዚህ ተመልሶ ለመምጣት ፊት እንደማይኖረው ያውቃል። ከነዚህ ሰዎች ሌላ ደግሞ ለንደን ውስጥ ስሙን አስተካክሎ የሚጠራው የለም።

«የምኖረው ጀልባ ውስጥ ነው» አለ።

ሳቁ ቆመ። ጀልባ የሚለው ቃል እዚያ ሳሎን ውስጥ ቀላል አልነበረም። ወንድሟን ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ያጣችው ማኅበርተኛዋ ፀሎት ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ማታ ማታ አትፈራም?» አለችው።

«ካናል እኮ ነው። ብወድቅ እንኳ ውሃው ከደረቴ አያልፍም።»

ፀሎት ቁመቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። «እኔ ግን አጭር ነኝ» አለች።

አቶ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እኮ ስስት ነው ብዬ አምቼህ ነበር። ይቅር በለኝ።»

«ስማ ልጄ» አሉ ወይዘሮ እህተማርያም፣ «ድግሱን እዚሁ እኔ ቤት አድርገው። ማን ይቀየምሃል?»

ሁሉም «እውነት ነው» አሉ። ሳዶቅ እሺ ሊል አፉን ከፈተ። ጀልባዋ ውስጥ ባለው ጠባብ አግዳሚ ላይ ከሱ በቀር ማንም ተቀምጦ እንደማያውቅ ግን ትዝ አለው።

«አይ እትዬ» አለና በሁለት እጁ ጽዋውን ተቀበላቸው። «እኔ ቤት ነው የምትመጡት። ግማሻችሁ ውስጥ፣ ግማሻችሁ ካናሉ ዳር ትቀመጣላችሁ። የት እንደምቆም ግን ገና አላውቅም፤ በዋዜማው የቦታውን ፖስትኮድ ቴክስት አደርግላችኋለሁ።»