ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሰባት ነፍስ

«እኔስ ጠመኔ አልነካም» አለ ባለሱቁ አሕመድ፣ የንፍሮውን ሳህን ለጎረቤቱ እያሳለፈ። «ዕድሜ ልኬን ‹ጋሽ ዕዝራን የቀነሰው እሱ ነው› እየተባልኩ ልኑር?»

«ታዲያ ሰው ሞቶ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይቀነስ ይቀመጣል?» አሉ የዕድሩ ዳኛ አቶ ዳርጌ። «ዕዝራ እንኳ የገዛ አማቱን ከቀብር ሲመለስ፣ ቤት ሳይገባ ነው የቀነሳት።»

በድንኳኑ ውስጥ የታፈነ ሳቅ ዞረ። የሟች ሚስት ፀዳለ፣ የተቀነሰችው የራሷ እናት ብትሆንም፣ አንገቷን ደፍታ ፈገግታዋን ደበቀች።

ነገሩ የሰሌዳ ነገር ነው። ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው በዚች ትንሽ ከተማ፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ቆሟል። የከተማዋ ከፍታና ከጂንካ ያላት ርቀት በቀለም ተጽፈዋል። የነዋሪዋ ቁጥር ግን በጠመኔ ነው፤ ሰው በቀለም አይጻፍም ይል ነበር ዕዝራ። በ1986 ዓ.ም. በጭነት መኪና፣ በማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጦ የመጣው ይህ የጂኦግራፊ መምህር፣ «ጎረቤቱን ያልቆጠረ የዓለምን ሕዝብ ብዛት አይሸመድድልኝም» ብሎ ተማሪዎቹን ቤት ለቤት አሰማራ። ያን ጊዜ ስድስት መቶ ሰው አልሞሉም። ከዚያ ወዲህ ልጅ ሲወለድ፣ ስም ከመውጣቱ በፊት ዜናው የሚደርሰው እሱ ዘንድ ሆነ።

አንድ የገበያ ቀን አንድ የበና ብሔረሰብ ሽማግሌ ሊከራከሩት መጡ።

«በሳምንት አንድ ቀን እዚህ ነኝ። ለምን አልቆጠርከኝም?»

ዕዝራ ጥቂት አሰበ። «ሰባት ሆናችሁ ኑ፤ አንድ ሰው ብዬ እጽፋችኋለሁ።»

ሽማግሌው በሳምንቱ ስድስት ጓደኞቻቸውን አስከትለው መጡ። ተጻፉም።

«ፀዳለ ልጄ» አሉ አቶ ዳርጌ፣ በቅል የቀረበላቸውን ከቡና ገለባ የተፈላ መጠጥ አስቀምጠው፣ «ካንቺ ሌላ የሚደፍር አልተገኘም። ነገ ድንኳኑ ይነሳል። ቁጥሩ ተሳስቶ ቢያድር ደግሞ እሱ አይወድም።»

የፀዳለ ፊት ተለወጠ። ቁጥሩ አልተሳሳተም። ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። በተጋቡ ሰሞን ጠይቃው ነበር።

«እኔ ከቁጥሩ ገብቻለሁ?»

«አንቺማ እዚሁ የተወለድሽ፤ ድሮ ገብተሻል።»

«አንተስ?»

«እኔ እንግዳ ነኝ። ለእናቴ ሁለት ዓመት ብቻ ብያታለሁ።»

ወደ እናቱ አገር ዝውውር ሦስት ጊዜ ተፈቀደለት። ሦስቱንም ጊዜ «የትምህርት ዘመኑ ይጠናቀቅ» ብሎ ደብዳቤውን ፍራሹ ሥር ከተተው። እናቱ ደሴ ሆነው ሲጠብቁት አረፉ፤ ከዚያ በኋላም ራሱን አልጻፈም። አሁን አንድ ብትቀንስ እሱ የማይወደውን ስሕተት ትጽፋለች። እውነቱን ብትናገር ደግሞ፣ ሬሳውን በትከሻው የተሸከመ ከተማ «ለካ ራሱን ከእኛ አልቆጠረም» ይላል። የፈራችው ይህን ነው።

ሆኖም ተናገረች፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ምንም ሳታስቀር።



«ሃያ ስድስት ዓመት እንግዳ» አሉ አቶ ዳርጌ። «በልጄ ሠርግ ከቤተ ዘመድ ጋር ተቀምጦ ሲያዘኝ የነበረው ታዲያ ማን ነው?»

«እኔን በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ነው የጻፈኝ» አለ አሕመድ። «‹ሱቅ ከከፈትክ አትሄድም› ብሎ።»

ሳቁ አሁን አልታፈነም። ፀዳለም አብራ ሳቀች፤ እንባዋ የመጣው በሳቁ መሀል ነው።

«በሉ ተነሡ» አሉ አቶ ዳርጌ ከዘራቸውን እየፈለጉ። «ያልገባ ሰው አይወጣም። መጀመሪያ ይግባ።»

ሁሉም እስከ ሰሌዳው ተከተሏት። ፀዳለ የቁጥሩን መጨረሻ ሰባትን በመዳፏ ደምስሳ ስምንት ጻፈች።

«ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ስምንት» ብሎ አነበበ አሕመድ።

ማንም አላስቸኮላትም። ከጂንካ የመጣ አይሱዙ አለፈ፤ ያስነሣው አቧራ እስኪሰክን ድረስ ስምንቱ ቆየ።

ከዚያ የጥቁር ነጠላዋን ጫፍ ሰብስባ ስምንቱን ጠረገች፤ በቦታውም ሰባት ጻፈች። በጠመኔ የነጣውን ጫፍ አላራገፈችውም። ወደ ውስጥ አጥፋ በጭብጧ ያዘችውና የቤቷን መንገድ ጀመረች።