አንገቷን የደፋች ፒካፕ

አባቴ ሻምበል ባሻ በላይነህ የሚኮራባቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም። አንዷ እኔ ነኝ፤ ከእኔ በፊት ግን ፒካፗን ይጠራል። ከጦሩ በጡረታ ተሰናብቶ ነገሌ ሲቀር የገዛት፣ ፍየልም ሲሚንቶም ሰውም የማይከብዳት ላንድክሩዘር ናት። ውሎ ሳያድር ፊቷ ላይ ወፍራም የብረት መከላከያ አስበየደላት፣ በላዩ የመጎተቻ ዊንች ጨመረበት። ግመል ቢገጫት የሚጎዳው ግመሉ ነው ይላል። ያን ሁሉ ብረት የተሸከሙት የፊት ሞላዎች ግን እያደር ረገቡና መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ መሬት ደፋች።

እሱ ይሄን ልብ ብሎት አያውቅም። ልብ ያስባሉት አማቴ አቶ ገብረአምላክ ናቸው፤ የባለቤቴ የእስራኤል አባት፣ የሜጋ ከተማ ነጋዴ። ሠርጋችን እዚሁ ነገሌ ተደርጎ እንግዳው ሲሸኝ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መኪናዋን አንዴ ዞሯት።

«ባሻ፣ ምን ወድቆባት ነው መሬት መሬት የምታየው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴም ሳቀ። እናቴ ብዙወርቅ ግን የሱን ሳቅ ስለምታውቀው «በቃ፣ እንቅልፍ የለንም» አለችኝ በጆሮዬ።

ስምምነታችን እስራኤል ቀድሞ ሄዶ ሜጋ ቤት እንዲያሰናዳ፣ እኔን ደግሞ ከነዕቃዬ አባቴ እንዲያደርሰኝ ነበር። በማግስቱ አባቴ አዲስ ሕግ አወጣ።

«አንገቷን ደፍታ አማቶችሽ ግቢ አትገባም። ልጄን የማስረክበው ቀና ብዬ ነው።»

«መኪናዋ ናት ወይስ አንተ?» አልኩት።

«ሁለታችንም!»

ተያይዘን ዱባ ጋራዥ ሄድን። ዱባ የከተማው መካኒክ ነው፣ ከእጁ ይልቅ ምላሱ ይፈጥናል።

«አካም ባሻ! ናጋ?»

«ምን ናጋ አለ፣ አታያትም እንዴ!»

ዱባ ጎንበስ ብሎ አያት። «ኤዬ፣ ደፍታለች። ቀላሉ ነገር ከሞላው በላይ ወፍራም ቀለበት ማስገባት ነው፣ ስፔሰር ይባላል። ቶርኖ ቤት አስቆርጬ ዛሬውኑ እገጥምልዎታለሁ።»

«ለደከመ ሞላ ባርኔጣ ልትደፋለት ነው?»

«እንግዲያው ጠንካራ ሞላ ከአዲስ አበባ ያስመጡ። መቼ እንደሚደርስ ዋቃ ያውቃል እንጂ ጥሩ እሱ ነው። ካልሆነም ኋላዋን ዝቅ አደርጋለሁ። ከባሌስትራው ድርብርብ ብረት አንዱን ሳወጣው እኩል ትሆናለች።»

«እኔ ቁሚ እላታለሁ፣ አንተ ቁጭ በይ ትላታለህ!» ብሎ አባቴ ተቆጣና ሞላውን አዘዘ።

ሞላው አልመጣም። አባቴ በየጠዋቱ መነኻሪያ እየሄደ ከአዲስ አበባ የገባውን አውቶቡስ ሹፌር ይጠይቃል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ የሚገርመው ሲመለስ ፊቱ አለመክፋቱ ነው። ከዚያ የባሌስትራው ሐሳብ ይሻል ይሆን ይላል። ምሳ ሰዓት ላይ እሱንም ይተወዋል። እስራኤል በየቀኑ እየደወለ «መቼ ነው የምትመጪው?» ሲለኝ «ሞላው ሲደርስ» እያልኩ ሰለቸኝ። መጨረሻ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ።

«አባዬ፣ ባሌ ሜጋ፣ እኔ ነገሌ። ይሄ ትዳር ነው ወይስ የመኪና ጥገና?»

የመለሰችልኝ እናቴ ናት፣ ኋላ ለብቻችን ስንሆን። «ሞላው ጭራሽ ባይመጣ ደስ ይለዋል። አንቺን መሸኘት አቅቶት ነው።» ተናድጄ ነበር፤ ይሄን ስሰማ ንዴቴ ጠፍቶ ሆዴ ባባ። እኔም እኮ መሄዱ ከብዶኛል።

አባቴ በማግስቱ ሳይወድ ስፔሰሩን አስገጠመ። መኪናዋን አጥቦ በራችን ላይ ባዶዋን አቆማትና፣ ሰፈር ውስጥ ቤት ከሚሠራ ግንበኛ ውሃ ልክ ተውሶ፣ በጎኗም ሲባጎ ወጥሮ ለካት። ካምፕ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪኖቹን ለፍተሻ የሚያሰልፈው እንዲህ ነበር። እኩል ሆነች። ጎረቤት እየጠራ አሳየ።

«ዕቃው ሲጫንስ?» አለች እናቴ።

«መኪና የሚለካው ባዶውን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ያስፈተሽኩት ባዶ መኪና ነው።»

ከነገሌ ባዶውን የሚወጣ መኪና እንደሌለ የሚያውቅ ሰው ነው ይሄን የሚለው። አልጋው ተጫነ፣ ፍሪጁ፣ ቁም ሳጥኑ፣ የጤፉ ከረጢት፣ ለአማቶቼ የተሰጡት ሙክቶች፤ በመጨረሻም ፍራሹ ላይ አክስቴ እሙሽ ወጥታ ተደላደለች። ኋላዋ ቁጭ አለ፤ አፍንጫዋ ወደ ላይ ተነሣ።

የዳዋን ወንዝ እስክንሻገር አባቴ ከመሪው ጋር ታገለ። መሪው ቀሎበት መኪናዋ ወደፈለገችበት ትሄዳለች። ሲመሽ መብራት አበራ፤ መንገዱ ጨለማ፣ የግራሩ ጫፍ ብርሃን ሆነ።

«ባሻ፣» አለች እሙሽ ከላይ ሆና፣ «የምንሄደው ሜጋ ነው ወይስ ሰማይ ቤት?»

አቆመና እሙሽን ከእኔና ከእናቴ አጠገብ ጋቢና ውስጥ ጨመቃት። የጤፉን ከረጢት አውርዶ ፊት ለፊት ከሚወደው የብረት መከላከያ ላይ አሰረው። ትንሽ ዝቅ አለች፣ ግን አልበቃትም። እኔ እየሳቅኩ እንባዬ መጣ፤ እሱም ሳያስበው ሳቀ። እየተሳሳቅን፣ ቀስ እያልን ሜጋ ገባን።

አቶ ገብረአምላክ በፋኖስ ወጥተው ጠበቁን።

«እንኳን ደህና መጡ ባሻ። አሁን ደግሞ ኮከብ መቁጠር ጀመረች?»

አባቴ ለመልስ አፉን ሲከፍት እስራኤልና የሰፈሩ ሰው ዕቃውን ማውረድ ጀመሩ። አልጋው ወደ ቤቴ ገባ፣ ፍሪጁ ገባ፣ ሙክቶቹ ታሰሩ፣ ጤፉ ተፈታ። እሙሽና እናቴ ወረዱ። በመጨረሻ እኔ ስወርድ መኪናዋ ቀጥ አለች፤ ልክ በራችን ላይ እንደነበረችው።

«ኧረ ይቺስ አምራለች!» አሉ አቶ ገብረአምላክ፣ ከልባቸው። «እንዲህ ነው እንጂ መኪና!»

አባቴ ይሄን ቃል ለመስማት ያን ሁሉ መንገድ መጥቷል። አሁን ግን የሰማም አይመስልም። ጭነቱ ወደነበረበት ቦታ አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ጎማዋ ላይ ተደገፈ።

ስንበላ ስንጫወት አመሸን፣ አደርን። ጠዋት እናቴና እሙሽ ተሰናብተው ጋቢና ገቡ። አባቴ አቅፎኝ ቆየና አልለቅ አለኝ። ሲለቀኝ ወደ አማቴ ዞረ።

«አቶ ገብረአምላክ፣ ወደ ነገሌ የሚጫን ነገር የለዎትም?»

«ምን ዓይነት?»

«ምንም ይሁን። ድንጋይም ቢሆን። ባዶዋን አልነዳትም።»

መጋዘናቸው ውስጥ ከኤል ሶድ ሐይቅ የወጣ ጨው ነበረ። ከረጢቱ አንድ በአንድ ሲጫን አባቴ ቆሞ አየ፤ ኋላዋ ቁጭ፣ አፍንጫዋ ብድግ እስክትል ድረስ። አቶ ገብረአምላክ ሊቀልዱ ብለው ፊቱን አዩና ተዉት።

«እንግዲህ ሃይሚ፣» አለኝ መሪውን እየያዘ፣ «አሁን መሄድ እችላለሁ።»