የኦሞት ላንድሮቨር

በሰባ ስምንት ክረምት፣ መንግሥት ባሮ ወንዝ ዳር አስፍሮን ሳለ፣ ገንዲ የሚሉት የከብት በሽታ በሬዎቻችንን ጨረሰ። መጀመሪያ የጎረቤቴ ጥማድ ወደቀ፣ ቀጥሎ የእኔ። የሰፈራው ትራክተር ጎማ አጥቶ ቆሟል። ዝናቡ መጣ፣ መሬቱ ራሰ፣ የሚያርስ ጠፋ። ሚስቴ ደመቀች ለዘር ያስቀመጠችውን በቆሎ መቁላት ጀመረች።

አኙዋኩ ኦሞት ያኔ የመንግሥት ላንድሮቨር ሾፌር ነበር። አንድ ጠዋት መጥቶ ሞፈሬን ከመኪናዋ ኋላ በገመድ አሰረ። እሱ በአንደኛ ማርሽ ቀስ እያለ ሲጎትት፣ እኔ ዕርፉን ጨብጬ ማሳዬን አረስን። አለቆቹ ቢያዩት ይታሰር ነበር። ያንን ዓመት ያለፍነው በዚያ እርሻ ነው። ውለታውን ልመልስ ስል "ሰብስቤ፣ ምን አለህና?" ይለኛል። እውነቱን ነው።

በኋላ መኪናዋ በሐራጅ ስትሸጥ ኦሞት ገዛት። ሞተሯ ከሞተ ቆይቷል፤ ባሮ ዳር ግቢው ውስጥ ቆማለች። ቀን ቀን ገብቶ መሪዋን ይዞ ይቀመጣል። ሌላ የቀረው ነገር የለም። ዘንድሮ ወንዙ ዳርቻውን እየበላ መጥቶ ከኋላ ጎማዋ ሥር ደረሰ።

ባለፈው እሑድ የድሮ መኪና እንወዳለን የሚሉ ሰዎች ከከተማ በፒክአፕ መጡ። ኦሞት ይጎትቱልኛል ብሎ ደስ አለው። አለቃቸው ወንዶሰን የሚባል፣ መነጽሩን ከግንባሩ ላይ የማያወርድ ሰው ነው። ኮፈኗን ዳበሰ።

"አባቴም እንዲህ ያለች ነበረችው። ዛሬ መንገድ ላይ የት ትታያለች?" አለና እንባው መጣ። ለአባቱ ይሁን ለስልኩ እንጃ፤ ፍርዶስ የምትባል ጓደኛው እየቀረጸችው ነበር።

"መጀመሪያ ጎትቱ" አለ ኦሞት።

"ይደርሳል አባባ፤ እንዲህ አድፋ እንዴት ፎቶ ትነሳለች?" አለች ፍርዶስ።

ከባሮ በባልዲ እየቀዱ አጠቧት። ውሃው ሁሉ ከሥሯ ገባ። በርግጥ አብረቀረቀች። በየተራ ተደግፈዋት ፎቶ ሲነሱ የኋላ ጎማዋ ሰመጠ፣ አፈሩ ተንዶ ወንዙ ውስጥ ወደቀ።

"በሉ አሁን" አለ ኦሞት።

ወንዶሰን የራሱን መኪና ዞር ብሎ አየ። "የእኔ አዲስ ነው አባባ፣ ፓራውልቱ ይነቀላል።"

"የእኔ የመሥሪያ ቤት ነው" አለ ሌላው።

ኦሞት እኔን አየኝ።

"ማህበራችን ተሰብስቦ ክሬን ያስመጣል" አለ ወንዶሰን።

"ለባሮም የስብሰባ ጥሪ ላኩለት" አልኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዛሬ ዛሬ ለገንዲ መርፌ አለ፤ በሬ አለኝ። የጎረቤቴን ጥማድ ጨምሬ እየነዳሁ ወደ ኦሞት ግቢ ተመለስኩ። ገመዱን ከፊቷ አሰርኩ። ኦሞት ገብቶ መሪውን ይዟል።

"ውረድ፣ ከተናደ አብረህ ትገባለህ።"

"መሪውን ማን ይይዛል?"

አልወረደም። ጅራፉን አጮህኩ። በሬዎቹ በጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ ተነሱ፣ እንደገና ሳቡ። ጎማዋ ከጭቃው ወጣ። በዝግታ እስከ ደረቁ መሬት ተከተለቻቸው። ወዲያው የቆመችበት ቦታ ከነሣሩ ባሮ ውስጥ ገባ።

"አባባ፣ አንዴ መልሰው ይጎትቷት፣ ቪዲዮው ተንቀጥቅጧል" አለ ወንዶሰን።

ኦሞት ወርዶ የፊተኛውን በሬ አንገት ዳበሰ።

"ሰብስቤ፣ ያቺ እርሻ ተከፈለች" አለኝ።

"ተከፈለች" አልኩት፤ ቀንበሩን ፈታሁ።