ትናንት ወደብ እሄዳለሁ

ኦክ ሶን-ሚ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የእንግሊዝኛ ክፍሉን በር ስትከፍት አለቃዋ ታክ ቀድሟት ተቀምጧል። ኮሪያ ውስጥ ቡሳን ከተማ ያለው የመርከብ ሞተር ፋብሪካ ሠራተኞቹን ከሥራ በፊት እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመረ ሦስት ወሩ ነው። ዛሬ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣችው ዳይሬክተር ጉክ ከኋላ ሆና ታዳምጣለች፤ አንድ ሰው መርጣ ቬትናም ያለውን ቅርንጫፍ ታስይዘዋለች። ሶን-ሚ ይህን ቦታ ትፈልገዋለች። ደግሞ መፈለግ ብቻ መሰላችሁ! ስምንት ዓመት የታክን ሥራ ስትሠራ፣ ምስጋናውን እሱ ሲወስድ አንጀቷ አርሯል። ከዚህ ሰውዬ መገላገል ነው የምትሻው።

"ትናንት ምን አደረጋችሁ?" አለ አስተማሪው።

ታክ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ "ትናንት ወደብ እሄዳለሁ" አለ በእንግሊዝኛ።

ቀጣዩ "ትናንት ገበያ እሄዳለሁ" አለ። ሌላዋም "ትናንት ተራራ እወጣለሁ" አለች። እንግዲህ አለቃ ተሳስቶ ሳለ ማን ደፍሮ ትክክሉን ይናገራል? ሰውየውን በአደባባይ ማዋረድ ነዋ! ሶን-ሚም እንደ ሰዉ ሁሉ ሦስት ወር ሙሉ ትናንትን ከነገ ስታምታታ ከርማለች። ማታ ቤቷ ገብታ ግን ሁሉንም ለብቻዋ ታስተካክለዋለች።

ተራዋ ደረሰ።

"ትናንት የቬትናሙን ውል አነበብኩ። ከዚህ ቀደም ላነበው ይገባኝ ነበር" አለች፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ።

ሁሉም ዞሮ አያት።

"ኧረግ! ዛሬ ምላስ አወጣሽ?" አለ ታክ በገዛ ቋንቋቸው።

"ምላስማ ድሮም ነበረኝ፣ አለቃ። ለእርስዎ ብዬ ነው የዋጥኩት።"

"ማን ለመነሽ?" ወደ ኋላ ዞረ። "ዳይሬክተር፣ የሦስት ወር ውጤቷን ይዩልኝማ፤ ከክፍሉ ጭራ ናት። ይቺን ሸምድዳ ነው የመጣችው።"

ዳይሬክተሯ የውጤቱን ወረቀት አየችና በእንግሊዝኛ ጥያቄ ታዘንብባት ጀመር። ሞተር ቢቆም ምን መደረግ አለበት? ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ምን ሊደረግ ይችል ነበር? ሶን-ሚ አንዱንም አልሳተችም። ታክ ላቡን ጠረገ።

"ጎበዝ ነሽ" አለች ጉክ። "ታዲያ ይሄ ውጤት ምንድን ነው?"

"ሆን ብዬ ነው የተሳሳትኩት። አለቃዬ እንዳያፍሩ።"

"ሦስት ወር ሙሉ?"

"ሁላችንም እንደዚያው ነን።"

ጉክ እስክሪብቶዋን ከደነች። "እኔ የምፈልገው፣ አለቃው የተሰነጠቀ ሞተር ደህና ነው ሲል 'አይደለም' የሚል ሰው ነው። አንቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለማረም ሦስት ወር ፈጀብሽ። ከዚህ ክፍል ማንንም አልወስድም።"

ሶን-ሚ እንባዋን እንዳያዩባት ዕቃዋን ሰብስባ ወጣች።

ታክ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት፣ ፊቱ በርቷል። "አይዞሽ፣ ነገም ትምህርት አለ።"

"አለ። ከፊትዎ ነው የምቀመጠው። አንዲት ቃል በሳቱ ቁጥር ሰው ፊት አርምዎታለሁ።"

"አንቺ ባለጌ! እኔን?"

"እርስዎን። ሦስት ወር ሙሉ ክብርዎን እኔ ጠበቅኩልዎት፤ ከነገ ጀምሮ ራስዎ ይጠብቁት።"

አሳንሰሩ ሲከፈት ብቻዋን ገባች፤ ከባልደረቦቿ አንድም የተከተላት የለም።