የኮንየርሱ ኦትስዊክ

ሐበሻ ሲሞት አስቀድሞ የሚጠራው አባቱ ነው። ጎጃም ይሙት አትላንታ፣ ኦርቶዶክስ ይሁን ጴንጤ፣ የሕይወት ታሪኩ «ከአባቱ ከአቶ እገሌ፣ ከእናቱ ከወይዘሮ እገሊት» ተብሎ ካልተጀመረ አንባቢው አንደበቱ ይተሳሰራል፤ ለቀስተኛውም አንድ ነገር እንደጎደለበት ሆኖ ይቁነጠነጣል። ሟቹ ሐበሻ ያልሆነ እንደሆነስ? ይህን ጣጣ ያመጣው ሬይ ነው።

ሬይ ኦትስዊክ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። አትላንታ አጠገብ ኮሌጅ ፓርክ በምትባል ከተማ ካለ አንድ ሆቴል ወደ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት አውቶቡሱን ጥግ አስይዞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ መሪው ላይ እንደተደገፈ ቀረ። ልቡ ነው አሉ። ሚስቱ ወርቅውሃ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ተጠርታ ሆስፒታል ደረሰች፤ አየችው፣ ፈርሚ ያሏት ላይ ፈረመች፣ ቤቷ ገብታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች የሰጧትን ትኩስ ሻይ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ጨለጠችው፤ ምላሷ መቃጠሉን እንኳ አላወቀችም። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አልቅሺ እንጂ ይወጣልሻል ቢሏት እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ የወጣላት ነገር ግን አልነበረም።

በማግስቱ ጋሽ ዳኛቸው ብዕራቸውን ይዘው መጡ። ጋሽ ዳኛቸው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ የሟቾችን የሕይወት ታሪክ የሚጽፉትም የሚያነቡትም እሳቸው ናቸው። በእሳቸው ብዕር አልፎ ተራ ሰው ሆኖ የተቀበረ የለም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና የአባቱን ስም ጠየቋት። አይታወቅም አለቻቸው። የእናቱንም ጠየቁ፤ እሱም አይታወቅም። ሬይን ገና ሕፃን ሳለ መንግሥት ተረክቦ ለማያውቁት ሰዎች ነው የሰጠው። ከሰው ቤት ሰው ቤት ሲንከራተት አደገ፤ ከወገኖቹ የቀረለት ስሙ ብቻ ነበር። ጋሽ ዳኛቸው ብዕራቸውን ከድነው፣ «ያለ አባት ስም እንዴት አድርጌ ልጀምረው፣ ልጄ?» አሏት።

ነገሩ ለወርቅውሃ ከንባብ ያለፈ ነበር። ባለፈው ዓመት ከአንድ ቀብር ሲመለሱ፣ ሬይ መኪና እየነዳ፣ ያ ረጅም ንባብ ምን እንደሆነ ጠይቋት ነበር። የአባቱንና የእናቱን ስም፣ የዘሩን ነገር ነው አለችው። ጥቂት ነዳና «ለእኔስ ምን ይነበባል?» አላት። እሷም እየሳቀች «አታስብ፤ እኔ አባት እፈልግልሃለሁ» አለችው። እሱም ሳቀ። የሳቀው ግን ዘግየት ብሎ ነበር።

መንገዱን የከፈተችው ሳታስበው ልጃቸው ርብቃ ናት። ርብቃ አትላንታ ተወልዳ ያደገች፣ ዳውንታውን በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ባለሙያ ናት። ስታዝን እጇ ሥራ ስለሚፈልግ ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጣ የአባቷን ስም ስትፈልግ አመሸች። ያገኘችውን ፕሪንት አድርጋ ለእናቷ አነበበችላት። ኦትስዊክ ከሰሜን እንግሊዝ የመጣ ስም ነው፤ ትርጉሙ የአጃ እርሻ ማለት ነው፤ በአሜሪካ የሚጠሩበት ሰዎች እጅግ ጥቂት ናቸው ይላል። «ዳድ እኮ በየጠዋቱ አጃ ይበላ ነበር» አለች ርብቃ፤ ልትስቅ ጀምራ አለቀሰች። ወርቅውሃ አቀፈቻት። ክንዷ ያቅፋል፤ ልቧ ግን ሩቅ ነበር።

በልቧ የያዘችው ሌላ ነው። የእኛ ሰው ተስፋዬ ቢባል ሺህ ተስፋዬ አለ፤ አንዱ ለአንዱ ባዳ ነው። እዚህ ግን የኋለኛው ስም የዘር ነው ብለው አስተምረዋታል። እንግዲያው በስሙ የሚጠራው ሰው ባነሰ ቁጥር ዘመዱ ይቀርባል ብላ ደመደመች። ወደ ስልክ መረጃ ደውላ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ከእነሱ ቤት ሌላ አንድ ኦትስዊክ ተገኘ፤ ከአትላንታ ወጣ ብላ ባለች ኮንየርስ በምትባል ከተማ። ስትደውል አንድ ሽማግሌ አነሱ። ዘመድዎ ሬይ አርፏል፣ ቀብሩ ቅዳሜ ነው፣ ከወገኑ የሚመጣ ሌላ ሰው የለም አለቻቸው። ስሙን ፊደል በፊደል አስደገሟት። ከዚያ ሬይ የት እንደተወለደ ጠየቁ፤ የምታውቀውን ያህል ነገረቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ እመጣለሁ አሏት።

ጋሽ ዳኛቸው ይህን ሲሰሙ ጮቤ ረገጡ። የርብቃንም ወረቀት ይዘው ሄዱ።

ቅዳሜ የመጡት ሽማግሌ ነጭ ናቸው። ከዘራ ይዘዋል፤ ሰፋ ያለ ያረጀ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። በር ላይ ስማቸውን ሲናገሩ አስተናጋጁ አንዴ እሳቸውን አንዴ ወርቅውሃን አየና፣ ዘመድ ዘመድ ነው ብሎ የቤተሰቡ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ሠላሳ ዓመት አትላንታ የኖረች ሴት ነጭና ጥቁር በአንድ ስም እንዴት እንደሚጠሩ አታውቅም አይባልም። ታውቃለች። ያን ሰሞን ግን የምታውቀው ሁሉ ከመስታወት ወዲያ ማዶ ነበር፤ ታየዋለች፣ አይደርሳትም።

ርብቃ ፊቷ ተለዋወጠ። «እማ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«የአባትሽ ዘመድ ናቸው።»

«እማ፣ ፕሊስ። ስሙን ከየት እንዳመጣነው አታውቂም?»

ለቀስተኛው ግን በወጉ እየመጣ፣ ዝቅ እያለ፣ ሽማግሌውን በሁለት እጁ እየጨበጠ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ይላቸው ጀመር። አንዲት እናት ጉንጫቸውን ስመው አለቀሱላቸው። ሽማግሌው ቋንቋው ባይገባቸውም የሐዘንተኛ ወግ መሆኑ ገብቷቸዋል፤ አንገታቸው ድረስ ቀሉ። ወደ ወርቅውሃ ዘንበል አሉና በእንግሊዝኛ ቀስ ብለው ነገሯት።

«የሥጋ ዝምድና እንዳለን አላውቅም። የቅድመ አያቴ ሰዎች የእሱን ሰዎች በባርነት ይገዙ ነበር፤ ስሙ የተለጠፈባቸው ያኔ ነው። ሲደውሉልኝ ገብቶኝ ነበር። በስልክ ለመናገር አልደፈርኩም።»

«ታዲያ ለምን መጡ?» አለቻቸው።

«ሌላ የሚመጣ የለም ስላሉኝ።»

ወርቅውሃ አልተቆጣችም። መቆጣት እንዳለባት ታውቃለች፤ ቁጣው ግን እንደ እንባዋ ሁሉ አልመጣም አላት። ይህን ጊዜ ጋሽ ዳኛቸው መነጽራቸውን አድርገው ማይክሮፎኑ ፊት ቆመዋል። አማርኛቸው ያን ቀን ከወትሮውም አምሮ ነበር።

«አቶ ሬይ ኦትስዊክ፣ ምንጫቸው ከእንግሊዝ አገር፣ ሰፊ የአጃ እርሻ ከነበረው ከታላቁ የኦትስዊክ ቤተሰብ…»

ሕዝቡ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እነሆ ለሬይ አባት ተገኘለት። ያማረ፣ ባለ እርሻ፣ ባሕር ማዶ የተሻገረ አባት፤ ምስክሩም ከዘራውን ይዞ አጠገቧ ተቀምጧል። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ የገባችውም ቃል በወጉ ይፈጸማል። ወርቅውሃ በሬሳ ሳጥኑ ላይ ያለውን ፎቶ አየችው። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሰው በሰጠው ቤት ኖሯል። ዛሬ ደግሞ ወገኖቹን የገዙትን ሰዎች አባት አድርጋ ልትሰጠው ነው።

ብድግ አለች። «ጋሽ ዳኛቸው፣ ይቅርታ። እሱን ይተዉት።»

ጋሽ ዳኛቸው ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «ታዲያ ከማን ልጀምር፣ ልጄ?»

«የማን ልጅ እንደሆነ አናውቅም። የማን አባት እንደሆነ ግን እናውቃለን። ከርብቃ ይጀምሩ።»

ጋሽ ዳኛቸው ወረቀታቸውን አገላበጡ፤ እንዲህ ያለ አጀማመር በዕድሜያቸው ጽፈው አያውቁም። በመጨረሻ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ያለ ወረቀት ጀመሩ። «የርብቃ አባት፣ የወርቅውሃ ባል፣ ሬይ…» አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። ያን ያህል ሰው ሲቀብሩ ድምፃቸው ተሰብሮ አያውቅም።

የኮንየርሱ ሰውዬ ምን እንደተባለ አልገባቸውም። ቢሆንም ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ፤ የቤተሰቡን ወንበር ለቀው ወደ ኋላ ሄዱና ከለቀስተኛው ጋር ቆሙ። ርብቃ ዞራ አላየቻቸውም። የእናቷን እጅ ፈልጋ ያዘች፤ አባቷ እየተጠራ በሄደ ቁጥርም እያጠበቀች፣ እየጨመቀች ሄደች።

ወርቅውሃ ጣቶቿን አመማት። ከማክሰኞ ወዲህ የተሰማት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። እጇን አልነጠቀችም።