የኋላው መቀመጫ

የቀበሌው ሰው ክንዱ በጣቱ አንጓ ጀልባዋን አንኳኳት። ድንኳኑ በሰው ጢም ብሎ ሳለ፣ በሁለተኛው የለቅሶ ቀን።

«ይህኛው ባዶ ይመስላል» አለ የኋላውን መቀመጫ እያሳየ። «ውስጡ ምን አለ?»

«መረብ ነው» አለች የሟቹ ሚስት የብርጓል ከፍራሹ ሳትነሣ።

ክንዱ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነው። ቀይ ሽብሩ አልፏል ቢባልም እሱ ገና አልሰማም። ንፍሮውን እየቆረጠመ ዓይኑን ከጀልባዋ አይነቅልም። እድርተኞቹ ጀልባዋን ከግቢው ማውጣት ቢያቅታቸው ድንኳኑን እላይዋ ላይ ስለተከሉት፣ የሽምብጥ ሰፈር ሰው ሟቹን አምባቸውን የሚያለቅሰው እሱ በሠራት ጀልባ ጎን ተደግፎ ነው።

የብርጓልን ያስደነገጣት ግን ጥያቄው አልነበረም። አማቷ ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ጥያቄውን ሲሰሙ መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ቆመ። ምን ያውቃሉ?

ጀልባዋን ከሁለት ዓመት በፊት ሲገዟት ወንፊት ነበረች። አምባቸው የፋብሪካ አናጺ ነበር፤ ከሥራ ሲመለስ ቱታውን ሳያወልቅ መዶሻውን ያነሣል። እሷ ብጥስጣሽ ጥጥ በሬንጅ እየነከረች የሳንቃውን ስንጥቅ ትደፍናለች።

«ስንጥቅ ነው የምትደፍኚው ወይስ ትራስ ነው የምትሞዪው?» ይላታል።

«ስትሰምጥ ትራሱን ትፈልገዋለህ» ትለዋለች።

እንዲህ እየተጓተቱ አዲስ ወለል አነጠፉ፣ የፊቱን መቀመጫ ሠሩ፣ ለጥላው የቆርቆሮ ክዳን አቆሙ። እሷ ሳታቀብለው የተመታ ምስማር የለም፤ ከኋላው መቀመጫ በስተቀር።

ባለፈው ወር «ጉልበትሽን ታጠቢ» ብሎ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሰደዳት። ወንድሟ ጫካ ገባ ተብሎ ታስራ ከተገረፈች ወዲህ ግራ ጉልበቷ አይዘረጋም። ያለ ቀበሌ ይለፍ ከከተማ መውጣት ስለተከለከለች፣ ያቺ የስምንት ቀን ወረቀት እንኳ የተገኘችው በስንት ልመና ነው። ስትመለስ ሥሩ ክፍት የነበረው መቀመጫ ዙሪያውን በሳንቃ ተዘግቶ አገኘችው። «መረብ ማስቀመጫ ነው» አላት። አመነችው።

አሁን ግን ሐዘንተኛ ናት፤ ተቀምጦ ከማሰብ በቀር ሥራ የላትም። ዞር ብላ ብታይ መረቡ ከቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አምባቸው እንጨት ላመጣ ብሎ ሁለት ጊዜ ከሐይቁ ማዶ ቆላ ድባ ሄዶ፣ ሁለቴም ባዶ እጁን መመለሱ ትዝ አላት። ከቆላ ድባ መተማ፣ ከመተማ ሱዳን፤ የዚያን ዘመን መንገድ የማያውቅ ማን አለ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ባሏ መቀመጫው ሥር ተደብቆ ሊሄድ ነበር። ለክንዱ ጥሏት። እናቱም ያውቁ ነበር። ወባ በአራት ቀን ባትጥለው ኖሮ ዛሬ ሱዳን ነበር።

«ዓይኗ ደረቀሳ» አሉ ጥግ የተቀመጡት ሴቶች።

ሰማቻቸው። እሷስ ማልቀስ መች ጠላች? ጥሏት ሊሄድ ለተሰናዳ ሰው እንባው ከየት ይምጣ?

በሠልስቱ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ጉልበቴን አመመኝ ብላ ቀረች። ጀልባዋ ላይ ወጥታ የኋላውን መቀመጫ ሳንቃ በመዶሻው ጀርባ ፈልቅቃ አነሣችው።

መረብ የለም። ውስጡ እንደ አልጋ የረዘመ ሳጥን ነው። ማንም የማያየው ሳንቃ በመላጊያ ለስልሷል። ከፊት በኩል ዝቅ ብሎ የአየር ቀዳዳዎች ተበስተዋል። በግራው ጎን ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ወደ ውጭ ሰፋ ይላል፤ ለምን እንደሆነ አልገባትም።

ገብታ በጀርባዋ ተጋደመች። አናቷም ተረከዟም ልክ ሆነ። አምባቸው ዘንካታ ነበር፤ እሷ ደረቱ ላይ ነበር የምትደርሰው። እሱ እዚህ ውስጥ ቢታጠፍም አይገባም። የማይዘረጋው ጉልበቷ እዚያች ሰፋ ያለችው ቦታ ገብቶ አረፈ።

«የኔ ጌታ» አለች። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። ከትናንት ጀምሮ ስታማው ነበር፤ እንባዋን እንኳ ነፍጋው።

ድንገት ፊት አየች። አማቷ ናቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን በሩጫ ተመልሰው እያለከለኩ።

«እንዳትነሺ። ክንዱ ከበር ደርሷል።» ሳንቃውን ከደኑባትና ከላዩ ተቀመጡ።

«እማማ፣ የብርጓል የት አለች?» አለ የክንዱ ድምፅ።

«ሠልስት አይደል? የት ትሆናለች።»

«እንግዲያው ይነሡልኝማ፣ መቀመጫውን ከፍቼ ልየው። ተጠርጥሯል።»

«ልጄን ቀብሬ ተቀምጫለሁ። እናትህ የሞቱ ጊዜ አንተን ከተቀመጥህበት ማን አስነሣህ?»

በዚህ አገር ሐዘንተኛን ከተቀመጠበት የሚያስነሣ ሰው የገዛ ሬሳውን የሚሸከምለት አያገኝም። ይህን ደንብ አብዮቱም ገና አልሻረውም።

«በሰባተኛው ቀን እመጣለሁ» አለ ክንዱ።

«ና። ንፍሮ አይጠፋም።»

እርምጃው እስከ በሩ ሄደና እዚያው ቆመ። ሲጋራ ይለኩሳል። አሮጊቷ ከተቀመጡበት ሳይነቃነቁ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አንሾካሾኩ።

«ባለፈው ቅዳሜ ሊያሻግርሽ ነበር። ቆላ ድባ የሚቀበልሽ ሰው አግኝቶ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ያላወቀችውን በዱላም አያወጡባትም ብሎ አስማለኝ። ስትጠረጥሪው አየሁ። አይቼም ዝም አልሁ።» ድምፃቸው ተሰበረ። ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ የብርጓል ሲሰበር ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው።

በአየር ቀዳዳው በኩል ተረከዛቸው ይታያታል፤ የተሰነጣጠቀ፣ ባዶ እግር። ጣቷን አሾልካ ነካችው።

አሮጊቷ እግራቸውን አልሰበሰቡም። ወደ ጣቷ አስጠጉላት።