ጋዝ ወይስ መብራት

የቤቱ ቁልፍ እጇ ከገባ ገና ስድስት ቀኑ ነው። ሾፌሯ ግን በቀን አስር ጊዜ ከኪሷ እያወጣች ታየዋለች። አስራ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ እየነዳች፣ አስራ አንድ ዓመት በሰው ቤት ተከራይታ ኖራ፣ አሁን የራሷ በር፣ የራሷ ጣሪያ፣ የራሷ ብርድ አላት። ብርዱስ ብርድ ነው! የቀድሞው ባለቤት ማሞቂያውን ነቅሎ ወስዶት፣ ግድግዳው ላይ የቀረው የቧንቧ ቀዳዳ ብቻ ነው። ከባሏ ጋር ሳሎን ቆመው ሲያወሩ እንፋሎት ከአፋቸው ይወጣል። እሷ ግን ደስታው መሬት አላስረግጥ ብሏታል፤ የፊታችን ቅዳሜ እናቷ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይገባሉ።

ከዚያ በፊት ታዲያ አንድ ነገር መቆረጥ ነበረበት። ቤቱ የሚሞቀው በጋዝ ነው ወይስ በመብራት?

ባሏ ዳቦ ጋጋሪ ነው። መጋገሪያ ቤት "እሳቱ" ነው የሚሉት፤ ነበልባል ካላየ ሥራ የተሠራ አይመስለውም። "የማይታይ ሙቀት ምኑ ሙቀት ነው? ጋዝ ነው እንጂ! መብራት ሲጠፋ ቁጭ ብለን ጥርሳችንን ልናንቀጫቅጭ ነው?" ይላል። እሷ ደግሞ ምርጫው ዓይን አዋጅ ሆኖባት፣ አንድ ቀን ጋዝ፣ አንድ ቀን መብራት ስትል ሰነበተች።

ማክሰኞ ጠዋት መንገድ ተዘግቶ አውቶቡሱ ሲቆም፣ ከኋላዋ የተቀመጡትን መነጽር ያደረጉ ሴትዮ ዞር ብላ ጠየቀቻቸው።

"እናቴ፣ እርስዎ ቤትዎን በምንድን ነው የሚያሞቁት?"

"በጋዝ ነዋ ልጄ! ሃያ ዓመቴ።"

"ተሳስተዋል!" አለ አንድ ሰውዬ ከመሃል። "መብራት የመሰለ ነገር የለም። ጭስ የለው፣ ቧንቧ የለው።"

በቃ፣ አውቶቡሱ ለሁለት ተከፈለ። ከፊት ያሉት ጋዝ ሲሉ ከኋላ ያሉት መብራት አሉ፤ ቆሞ የነበረ ተማሪ ደግሞ እጅ እያስወጣ ድምፅ ቆጠረ። መንገዱ ተከፍቶ መኪናው ሲንቀሳቀስም ክርክሩ አልቆመም። መነጽር ያደረጉት ሴትዮ በጨዋታ መሃል ሁለት ፌርማታ አልፏቸው ኖሮ፣ ሲወርዱ "የመረጥሽውን ሳትነግሪኝ እንዳትቀሪ!" ብለው አስጠነቀቋት። ውጤቱ እኩል ለእኩል ነበር። ምን ያደርግላታል!

ረቡዕ ከሰዓት የማሞቂያ ባለሙያው መጡ፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ጆሮአቸው ላይ እርሳስ የሰኩ ሰው ናቸው። እናቷም ክፍላቸውን ሊያዩ መጥተው ነበርና ካፖርታቸውን እንደለበሱ ከኋላ ከኋላ ተከተሉ። ባለሙያው መስኮቱን ለኩ፣ ግድግዳውን በእጃቸው ኳ ኳ አደረጉ፣ የበሩን ስንጥቅ በወረቀት ፈተሹ።

"ሁለቱም ያስኬዳል" አሉ በመጨረሻ። "የጋዙ ቧንቧ አጥር ድረስ ደርሷል። ቤቱን ቶሎ ያሞቃል፤ ሙቅ ውሃም እንደልብ ነው። መብራቱ በበኩሉ በአንድ ቀን ተገጥሞ ያልቃል፤ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ታሞቁታላችሁ።"

"መብራት ቢጠፋስ?" አለ ጋጋሪው፣ ያሸነፈ መስሎት ደረቱን ነፍቶ።

"የጋዙም ቢሆን አብሮ ይቆማል፤ ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ በመብራት ነው የሚሠራው።"

ጋጋሪው ደረቱ ተነፈሰ። ሾፌሯ ሳቋ አመለጣት። ቢሆንም ሙቅ ውሃው ልቧን ወስዶት ነበርና ከባሏ ጋር ተጠቃቅሰው "እሺ፣ ጋዝ ይሁን!" አሉ። ሆ! ተባለ፤ እጅ ለእጅ ተመታቱ። እናቷም "እሰይ ልጆቼ!" ብለው አጨበጨቡ።

ባለሙያው ከቦርሳቸው ትንሽ ካርድ አወጡ። "እንግዲያው ቤተሰቡ በሙሉ ይህን ይወቅ። ጋዝ ሲያፈተልክ እንዲታወቅ ሽታ ይጨመርበታል። እንደዚህ ነው የሚሸተው።" ካርዱን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት።

ሾፌሯ አፍንጫዋን ያዘች። ጋጋሪው "ኧረ የበሰበሰ እንቁላል!" ብሎ ወደ መስኮቱ ሸሸ። እናትየው ግን ካርዱን ተቀብለው አፍንጫቸው ሥር አስጠጉና ፈገግ አሉ።

"ደስ ይላል። ሎሚ ነገር ነው አይደል?"

ሦስቱ ተያዩ።

"እማዬ" አለች ሾፌሯ ቀስ ብላ፤ "አይሸትሽም እንዴ?"

እናትየው ካርዱን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ተነፈሱ። "ያን ክረምት ያ ጉንፋን ከጣለኝ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። አራት ዓመቴ። አፍንጫዬ ጠፋ ብዬ ባወራ አረጀች ብላችሁ ከምድጃ ልታርቁኝ! ደግሞ ጠፋ ማለት ይከብዳል፤ ይኸው ፊቴ ላይ አለ።"

ሾፌሯ ባለፈው ዓመት አርሮ የከሰለው ድስት ትዝ አላት፤ እናቷ "ወሬ ይዞኝ ነው" ብለው በሳቅ ያለፉት።

"ቆይ፣ ቆይ!" አለ ጋጋሪው። "ዳቦ ባመጣሁ ቁጥር 'ከበር ሸተተኝ፣ መዓዛው!' የሚሉኝስ?"

"አንተ በር ላይ ቆመህ አፍ አፌን ስታየኝ ምን ልበል? ትኩስነቱን በእጄ አውቀዋለሁ። እጄ አይዋሽም።"

ጋጋሪው መጀመሪያ ተኮሳተረ፤ ከዚያ ሳቁ ፈንድቶ መስኮቱን ተደገፈ። እናትየውም ተከተሉት። ባለሙያው ሳይቀሩ ስቀው እርሳሳቸው ከጆሮአቸው ወደቀ።

ሳቁ በረድ ሲል "የሚጮህ መሣሪያ አለ" አሉ ባለሙያው። "ጋዝ ካፈተለከ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል።"

"እሱን አስገቡ!" አሉ እናትየው። "ጆሮዬ እንደሆን የጉንዳን ኮቴ ይሰማል። በኔ የተነሳ የወደዳችሁት እንዳይቀር።"

ሾፌሯ ማሰብ ጀመረች። እሷ ከንጋት ጀምሮ መሪ ላይ ናት፤ ባሏ ምድጃው ሥር ነው። እናቷ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ናቸው። ጋዝ ያፈተለከ ዕለት መሣሪያው ባይጮህስ? ልትናገር አፏን ስትከፍት ባሏ ቀደማት።

"መብራት ይሁን" አለ።

"አንተ? እሳቱ?"

"እሳት መሥሪያ ቤቴ ይበቃኛል። እማማ ቤታቸው ገብተው ስጋት አይኑርባቸው። ባይሆን መስኮቱን በደንብ እንደፍነዋለን።"

ሾፌሯ ሰው አለ የለም ሳትል አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እናትየው "ኧረ እፈሩ!" እያሉ ፊታቸውን አዞሩ፤ ዓይናቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ሲጠርጉ ግን አይታቸዋለች። እዚያው እያሉ ስልኳን አውጥታ ለአፍንጫ ሐኪም ቀጠሮ ያዘችላቸው።

ዓርብ ዕለት ባለሙያው ከሁለት ሠራተኞች ጋር በማለዳ ደረሱ። ሾፌሯ ፈቃድ ወስዳ ነበር፤ እናቷም ሥራውን ሊያዩ መጥተዋል። አንዴ መሰላል ትይዛለች፣ አንዴ ብሎን ታቀብላለች፣ አንዴ ደግሞ "አለቀ?" ትላለች። ጋጋሪው ከሥራ ሲመለስ ዱቄቱን እንኳ ሳያራግፍ የመስኮቱን ስንጥቅ በላስቲክ ሲደፍን ዋለ። ወደ አስር ሰዓት ላይ አምስቱ ነጫጭ ማሞቂያዎች በየክፍላቸው ተሰቀሉ።

"ማን ያብራው?" አሉ ባለሙያው።

ሁሉም ወደ እናትየው ዞሩ። እሳቸው ካፖርታቸውን አስተካክለው፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብለው፣ ቁልፉን ቀጭ አደረጉት። ትንሿ ቀይ መብራት በራች። ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ጠበቁ። ከዚያ ሙቀቱ መጣ፤ መጀመሪያ መዳፍ ላይ፣ ቀጥሎ ጉልበት ላይ፣ ኋላ ቤቱን ሞላው።

"መጣ! መጣ!" ሾፌሯ ጫማዋን አውልቃ ጮቤ ረገጠች። ጋጋሪው እጁን ማሞቂያው ላይ ዘርግቶ "ነበልባል የለውም እንጂ ጉድ ነው" አለ። ሹራብ ወለቀ፣ ሻርፕ ወለቀ። እናትየው ካፖርታቸውን አውልቀው ክፍላቸው ገቡና ቀድሞ የተነጠፈላቸው ፍራሽ ላይ ቁጭ አሉ።

"እማዬ፣ ተነሺ እንጂ፤ ሳይመሽ ላድርስሽ።"

"የት?"

"ቤትሽ ነዋ። የምትገቢው ነገ አይደል?"

"ከዚህ ሙቀት ወጥቼ?" አሉ እግራቸውን ዘርግተው። "ነገ ልብሴን ብቻ ታመጪልኛለሽ።"